ረዳት በኩል ያለው በር

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ደረጃውን አወጣ። ደወሉን የተጫነው ግን ሁለት ጊዜ ከቆጠራቸው በኋላ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሰጡት ወረቀት ላይ የደንበኛ ስም አልነበረም። አድራሻና ትእዛዝ ብቻ፦ ሦስት እኩል እስክሪን፣ የጌም መሪ ከነፔዳሉ፣ አንድ ኮምፒውተር። «ዛሬ ማለቅ አለበት ብላለች» አለው አለቃው፤ «ነገ ጠዋት መንገደኛ ነች።» አድራሻውን ሲያነብ ልቡ ቀድማው ደረሰች። ልጅ እያለ ለአባቱ ምሳ ይዞ ሲመጣ አጥሩን ተደግፎ የሚጠብቅበትን ግቢ እንዴት ይረሳዋል? አባቱ የዚህ ቤት ጌታ ረዳት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የጭነት መኪና፣ በአንድ ጋቢና፣ ጌታው መሪው ላይ፣ አባቱ በቀኛቸው ወንበር።

በሩን የከፈተችው እሷ ነች።

ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነገር ይወስዳል። ከጉንጯ ትንሽ ወስዷል፤ ሳቋን የት እንዳደረሰው እንጃ። ዓይኗን ግን አልነካውም። ያው ዓይን ነው፤ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቅ፣ ቀጥሎ ይቅር የሚል። ዛሬ የመጀመሪያውን ብቻ አደረገ።

«እንደምን ዋሉ» አለችው።

እርስዎ! ከኪሱ ብሎን መፍቻ ስለማይለይ ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ይለዋል። እሷ ግን አንድ ጊዜም በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም ነበር፤ «አንተ» ስትለው ይበቃው ነበር። አሁን ያቺ «እርስዎ» ጥርሱ እንደተበላ ብሎን ደረቱ ውስጥ እየተንሸራተተች ገባች።

«እግዜር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ይግቡ። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀ ነው።»

መንገድ ለቀቀችለት። ሲያልፍ ትከሻው ትከሻዋን እንዳይነካ ካርቶኑን ወደ ደረቱ ሳበው። እሷም ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አንድ ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር ሁለት ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ሲያልፍ፣ በመካከላቸው ቦታ የያዘ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

*

ጋሼ የተቀመጡት በመኪና ወንበር ላይ ነበር። መኪናቸው ሲሸጥ ሁሉንም ሰጥተው የሾፌሩን ወንበር ብቻ አስፈትተው አስቀርተዋል። አናጢ በእንጨት እግር ላይ ገጥሞላቸዋል። አርባ ዓመት ያንን ወንበር ሲሞሉት የኖሩት ሰው አሁን ግማሹን ብቻ ይይዛሉ። አንገታቸው ላይ ነጭ ማሰሪያ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የአንገታቸው አጥንት ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ወደ ጎን አይዞሩም፤ መንጃ ፈቃዳቸውንም በገዛ እጃቸው መልሰዋል።

«ማነው የመጣው?» አሉ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ እያዩ።

«እስክሪኑን የሚገጥመው ሠራተኛ ነው አባዬ።»

ሠራተኛ። ይህችም ገባች።

«እስቲ ና ወደ ፊቴ! እኔ ወደ አንተ መዞር ስለማልችል አንተ ወደ እኔ ዙር። እንዲህ… እንዴ! የረዳቴ ልጅ! ቁርጥ አባትህን! አፍንጫህ ብቻ ነው ያመለጠው።»

«አፍንጫዬ የእናቴ ነው ጋሼ።»

«እሷስ ደህና ነች? እግዜር ያኑርልህ። አባትህን ነፍሱን ይማረው። አየህ፣ ይቺ መሪዬ ነገ ጥላኝ ልትሄድ ነው» አሉ በጣታቸው ወደ ልጃቸው እያመለከቱ። ከልጅነቷ ጀምሮ መሪዬ ነው የሚሏት። «ሁለት ቀን የሚያስኬድ አገር፣ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ሆና። ሁለት ዓመት! እስክትመለስ ግድግዳ እያየሁ እንዳልቀመጥ ነው ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ። ጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም አለ አለችኝ። ‹በስተርጅና ጌም?› ብላት፣ ‹ታዲያ መሪ ሳይዙ መሞት ይሻላል?› አለችኝ። ባለጌ ነች።»

«ልጅዎ እውነት አላቸው» አለ ካቻቢቴ፣ ካርቶኑን በቢላ እየከፈተ።

«አላቸው? ምንድነው እናንተ እርስዎ፣ አላቸው የምትባባሉት? ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአንድ ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ለብሳችሁ አብራችሁኝ የሄዳችሁ ልጆች!»

እሷ ወደ መስኮቱ ሄዳ ምንም ያልጎደለውን መጋረጃ አስተካከለች። እሱ የእስክሪኑን እግር የሚያስርበትን ብሎን ሳያስፈልግ ፈትቶ እንደገና አሰረው። ያ ብርድ ልብስ ቀይ ነበር፤ ጠርዙ ተተልትሏል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እሱን እያሰቡ እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም።

*

ሥራውን ይወደው ነበር፤ ለዚህም ነው ቀስ የሚለው። ክር አውጥቶ ከጋሼ ዓይን እስከ መሐለኛው እስክሪን ለካ። ከዚያ ያንኑ ክር ሳያሳጥር ሳያስረዝም ወደ ሁለቱ ጎን ወሰደው፤ የጎኖቹን እስክሪኖች እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ወደ ወንበሩ አጠፋቸው።

«አንገትዎ ስለማይዞር እስክሪኑ ወደ ዓይንዎ መምጣት አለበት። ሦስቱም እኩል ከራቁ ዓይን ብቻ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ስፖኪዮውን እዚህ ግራ ላይ…»

«ቆይ! ግራ አትበለኝ» አሉ ጋሼ እጃቸውን አንስተው። «መኪና ላይ ግራና ቀኝ የለም። ሾፌር በኩል አለ፣ ረዳት በኩል አለ። ግራ እንደ አቋቋምህ ይለዋወጣል። ሾፌር በኩል ግን የትም ብትቆም፣ ብትገለበጥም፣ ሾፌር በኩል ነው። አባትህ ይህን አላስተማረህም?»

«አስተምሮኛል ጋሼ።»

«እሷም እስከ ዛሬ መድኃኒት መደርደሪያውን ሳይቀር ሾፌር በኩል፣ ረዳት በኩል እያለች ሰው ግራ ታጋባለች።»

«አባዬ!»

«ውሸቴን ነው?»

ስለዚህ ካቻቢቴ ሌላ ጊዜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የሚጽፍባቸውን ገመዶች ዛሬ በቃል ሊሰይማቸው ወሰነ። ከጠረጴዛው ኋላ ገብቶ ቁጢጥ አለ። ጨለም ያለ ነበር።

«መብራት ልያዝልዎት?» አለች።

ስልኳን አብርታ ጎንበስ አለች። ብርሃኑ ጣቶቹ ላይ አረፈ። ዓይኗ ከብርሃኑ ጋር ጣቶቹ ላይ ማረፉን ቀና ሳይል አወቀ። እነዚያን ጣቶች ታውቃቸዋለች፤ ሁለተኛው ላይ ያለው ጠባሳ የማን ጥፋት እንደሆነም ታውቃለች።

«ፕላስተር ያቀብሉኛል? በሳጥኑ ክዳን ውስጥ አለ።»

የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈተች። ክዳኑ ውስጥ፣ ከፕላስተሩ ኋላ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ተወሽቋል። እጥፋቱ ከመክፈትና ከመዝጋት ብዛት ሳስቷል። ከላይ የሚታዩት ጥቂት ቃላት በራሷ እጅ የተጻፉ ነበሩ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጉልበቷ ላይ የጻፈችው ደብዳቤ።

*ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያው ጋ፣ ረዳት በኩል ባለው በር እጠብቅሃለሁ። ቦርሳዬን ይዤ እመጣለሁ። አባዬ ‹ልጄ ረዳት በኩል አትቀመጥም› ብሏል፤ እኔ ግን መቀመጥ የምፈልገው እዚያ ነው። ካልመጣህ ምንም አትጻፍልኝ። ገብቶኛል እላለሁ።*

ማንበብ አላስፈለጋትም። በቃሏ ታውቀዋለች።

«ይሄን…» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ጋሼ ፔዳሉን በእግራቸው እየሞከሩ ያንጎራጉራሉ። «ይሄን ለምን ያስቀምጡታል?»

«የመሣሪያ ሳጥን ነው» አለ ገመዱን እያየ። «አንዳንዱ ዕቃ ሥራ የለውም፤ ግን አይጣልም።»

«ሰው ያልመለሰለትን ደብዳቤ ያስቀምጣል?»

«መልሼ ነበር። በእግሬ።»

ብርሃኑን ከጣቶቹ ላይ አነሳች። በእግሬ! እንግዲህ ልክ ነበረች። ከደብዳቤው በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ከተማውን ለቆ ሙያ ሊማር መሄዱን ሰምታለች። ያ ነው መልሱ፤ በእግሩ መሄዱ። እንዲህ ሳያፍር በአፉ ይለዋል ብላ ግን አልጠበቀችም። ፕላስተሩን አቀበለችው፤ ጣቱን ሳትነካ።

እሱ ደግሞ ዝምታዋን ሰምቶ፣ እንግዲህ ስለመጣሁም ይቅርታ ልጠይቃት ኖሯል ብሎ አሰበ። ጨለማው ውስጥ ሾፌር፣ መሐል፣ ረዳት ብሎ ጻፈ፤ የለጠፈው ግን ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው።

*

ሦስቱ እስክሪኖች ሲበሩ ክፍሉ ሰፋ።

«በስመ አብ!» አሉ ጋሼ።

ካቻቢቴ ኮምፒውተሩ ሦስቱን እንደ አንድ ሰፊ መስኮት እንዲያያቸው አደረገ። ከዚያ ወደ ጋሼ ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው፦ «አንድ ምርጫ አለ ጋሼ። በእስክሪኖቹ መካከል ይሄ ጥቁር ጠርዝ አለ። ምስሉን ሁሉ እናሳይ ካልን መንገዱ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይሰበራል። ከጠርዙ ኋላ ትንሽ ከደበቅን ግን መንገዱ ቀጥ ይላል። የተደበቀችው ግን አትታይም።»

ጋሼ አሰቡበት። «በእውነተኛው መኪናስ የበሩ ምሰሶ የሚደብቀው የለም? ሰው እንኳ ይደብቃል። ደብቀው። ባይታየኝም አለ ብዬ አምናለሁ።»

ጌሙን ከፈተላቸው። ጭነት መኪናው ዝናብ ከጠገበ መንገድ ላይ ቆሟል። ቅንብሩን ልፈትሽ ቢል ማን ይሰማዋል? ጋሼ ማርሽ አስገብተዋል። እጃቸው መሪው ላይ ሲያርፍ ጀርባቸው ቀና አለ። አንገታቸው ታስሮ ሳለ ቀና አለ። ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች። ለዚህ ነበር ሁሉም፤ ነገ ስትሄድ ይህን ጀርባ ይዛ ልትሄድ።

ካቻቢቴ አንድ ገመድ እንዳይሳብ ሊያስር ተመልሶ ከጠረጴዛው ኋላ ገባ።

«ኧረ ኧረ ኧረ!» ጮኹ ጋሼ። «ይሄ ምቀኛ መኪና በረዳት በኩል ሲመጣ በስፖኪዮ አየሁት፤ በሾፌር በኩል አለፈኝ! በላዬ ላይ ነው የዘለለው?»

«የት አባዬ?»

«ይኸውልሽ! ሾፌር በኩል ያለው መስታወት ረዳት በኩል ነው ያለው! አንተ ልጅ፣ መኪናዬን ገለበጥክብኝ!»

ሳቀች። ካቻቢቴ ከኋላ ሆኖ ሰማው። የት እንደደረሰ ያላወቀው ሳቅ ይኸው ነበር፤ ጠርዝ ይዞት እንጂ አልጠፋም። ጎንበስ ብላ በእስክሪኑ ሥር ገመዶቹን አየች፤ የተለጠፈውንም አነበበች።

«ከኋላ ሆነህ ነዋ የለጠፍከው! ከኋላ ሲታይ ረዳት በኩል ሾፌር በኩል ይሆናል።»

አንተ! ሁለቱም ሰሟት። ልትመልሳት አልቻለችም።

እሱ ግን ከ«አንተ» አልፎ ሌላውን ቃል ነው የያዘው። *ከኋላ ሲታይ።* እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። በሁለቱ እስክሪኖች መካከል ባለው ክፍተት አንድ ዓይኗ ብቻ ይታየዋል፤ ሌላው ከጠርዙ ኋላ ነው።

«አንቺ» አለ።

ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም።

«ያን ደብዳቤ ስትጽፊ፣ መናኸሪያውን ከየት ሆነሽ ነው ያሰብሽው?»

«ምን ማለት ነው?»

«ረዳት በኩል ያለው በር ብለሻል። የቱ ነው እሱ?»

«እንዴት የቱ ነው? ጎማ ጥገናው ጋ ያለው ነዋ። ከውስጥ ስንወጣ ረዳት በኩል…» አቆመች።

«ከውስጥ ስትወጡ» አለ። «አንቺ በጋቢና ሆነሽ ከውስጥ ነው የምትወጪው። እኔ በጋቢና ከውስጥ የወጣሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ፣ በሌሊት፣ እንቅልፍ ይዞኝ ነው። እኔ መኪናው እዚያ ሲጭን ለአባቴ ምሳ ይዤ በእግሬ ከመንገዱ ነው የምመጣው። ከውጭ ስገባ ረዳት በኩል ያለው በር የውሃ ታንከሩ ጋ ያለው ነው።»

የጌሙ ዝናብ ይዘንባል፤ መጥረጊያው ሦስቱን መስኮት ይጠርጋል።

«መጥተህ ነበር?» አለች፤ በሹክሹክታ።

«ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ። ሁለተኛው አውቶቡስ ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ። እስከ ሦስት ሰዓት ቆሜያለሁ። ከዚያ… ካልመጣህ አትጻፍልኝ ያልሽው እኔን ነው፤ ያልመጣሽው ግን አንቺ ነሽ ብዬ፣ የረዳት ልጅ ‹ለምን ቀረሽ?› ብሎ የጌታውን ልጅ ምን አፍ አውጥቶ ይጠይቃል አልኩ።»

«እኔ ጎማ ጥገናው ጋ ነበርኩ።» እንባዋ ሳታውቀው ወረደ። «ጎማ የሚለጥፉት ሰውዬ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡኝ። ‹ልጄ፣ የሚመጣ ሰው ቢሆን ይመጣ ነበር› አሉኝ። እኔ… በእግሬ መልሼ ነበር ስትለኝ አሁን፣ ጥለህ መሄድህን መስሎኝ…»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሾፌር በኩል፣ ረዳት በኩል ስንባል አድገን» አለ፣ «አንዳችንም አላሰብንም። በር እኮ ሾፌር የለውም።»

በሁለቱ በሮች መካከል አንድ ረጅም አጥር፣ ጥቂት ሱቆችና የሰው ግርግር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያ አጥር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እሱ ከኋላ፣ እሷ ከፊት፣ አሁንም በመካከላቸው ሦስት እስክሪን። ክፍተቱ ግን ጣት ያስገባል። ጣቷን አስገባች። ጠባሳውን በመዳበስ አገኘችው።

*

የመኪናው ድምፅ ተቀየረ። ጋሼ መሪውን ለቀው ነበር። በእስክሪኑ ላይ ጭነት መኪናው ዳር ወጥቶ ሣር ውስጥ ቆሟል።

«ስሙኝ» አሉ። ፊት ለፊት እያዩ። ቢፈልጉም ወደ ማንም መዞር አይችሉም። ምናልባትም ለዚህ ነው የተናገሩት።

«አባዬ፣ ደከመህ?»

«ስሙኝ ብያለሁ። አንገቴ እንጂ ጆሮዬ አልታሰረም። ያን ቀን በሌሊት መውጣት ነበረብን። ነዳጅ ጠፍቶ ማደያው ላይ ሰልፍ ያዝን። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ማደያ፤ መኪናዬ ጀርባዋን ለመናኸሪያው ሰጥታ ቆማለች። ሲነጋ በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ። ሾፌር በኩል ባለው መስታወት የውሃ ታንከሩ በር አለ። አንተ ቆመሃል፤ ሸሚዝህ ተተኩሷል። ረዳት በኩል ባለው መስታወት ጎማ ጥገናው አለ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ልጄ ረዳት በኩል አትቀመጥም ብዬ የማልኩት ሰውዬ፣ ልጄን በረዳት በኩል አየኋት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን አቅፋ።»

ልጅቷ ጣቷን አላወጣችም።

«ሁለታችሁም ለእኔ ትታዩኛላችሁ። እናንተ አትተያዩም። አንድ ጥሩምባ ብነፋ ይበቃ ነበር። አንድ! አባትህ ወርዶ በብረት የኋላ ጎማ እየመታ ነፋሱን ይፈትሻል። ቀና ቢል ያይህ ነበር። ቀና ሊል ሲል ‹ቶሎ ተሳፈር!› ብዬ ጠራሁት። ሮጦ መጣ። መቼ እምቢ ብሎኝ ያውቃል? ነፍሱን ይማረው፣ ሳያይ ነው የሞተው። ማርሽ አስገባሁ። እናንተም ከሁለቱም መስታወት ወጣችሁ።»

ጋሼ የአንገታቸውን ማሰሪያ በእጃቸው ዳበሱ።

«ከዚያ ወዲህ ስጸልይ የቀረውን ኃጢአት ሁሉ ለእግዜር እቆጥርለታለሁ፤ ያቺን ጠዋት አልፋታለሁ። ከምሰሶው ኋላ ደበቅኋት። እሱ እንደሆነ ምሰሶ አይጋርደውም፤ አውቃለሁ። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ መሰለኝ። ይኸው አንገቴን እንኳ አስሮኝ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። ዛሬ ደግሞ በገዛ ልጄ ገንዘብ ሁለቱንም መስታወት አምጥቶ ዓይኔ ሥር አደረገልኝ።»

«አባዬ…» አለች። ቁጣ ፈልጋ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ያጠራቀመችው ቁጣ አሁን ባለቤቱ ተገኝቶ ሳለ እጇ ላይ ቀለጠባት። «አየኸን? እያየኸን?»

«አየኋችሁ።»

ካቻቢቴ ከጠረጴዛው ኋላ ወጣ። ጉልበቱ ላይ አቧራ ነበር። ጋሼ ፊት መጥቶ ቆመ፤ መዞር ለማይችል ሰው መዞር ያለበት ሌላው ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው ሊያዩት ሞከሩ፤ ማሰሪያው አልፈቀደም። እሱ ቁጢጥ አለላቸው።

«ምታኝ ብልህ አትመታኝም» አሉ። «አባትህም እንዲህ ነበር። ይሄ ነው ያስቸገረኝ።»

ብዙ ቃል መጣበት። አባቱ ሮጦ የተሳፈረው መጣበት፤ የተተኮሰው ሸሚዝ መጣበት። እጁን አንስቶ የሽማግሌውን እጅ መሪው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ሞተሩን አላጠፉም ጋሼ» አለ። «ከሣሩ ያውጡት።»

ጋሼ እያለቀሱ መኪናውን ከሣሩ አወጡት።

*

ገመዱን መንቀል አላስፈለገውም። ሾፌርና ረዳት ቦታቸውን የሚለዋወጡት በሁለት ጠቅታ ነው። ይህን እያደረገ፣ ምነው ሌላውም እንዲህ በሆነ ብሎ ተመኘ። ፕላስተሩን ግን ልጦ በትክክል ለጠፈ።

ሲጨርስ ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ አዘቅዝቃ ነበር። እስከ ውጭው በር ሸኘችው። በዚያው ኮሪደር ጎን ለጎን ሄዱ፤ ትከሻቸው ሲነካካ ማንም ወደ ግድግዳ አልሸሸም። በግድግዳው ሥር ሻንጣዋ ቆሟል፤ የታሸገ፣ ስሟ የተለጠፈበት።

«ልንገርህ?» አለች። «እስክሪኑን ለመግዛት ሦስት ሱቅ አልፌ ነው እናንተ ሱቅ የመጣሁት። ስምህን አልጠራሁም። ብቻ… ቢልኩህ ብዬ።»

«ቢልኩኝ ምን ልትይኝ ነበር?»

«እንደምን ዋሉ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። ሻንጣውን ላለማየት እርስ በርስ ተያዩ። ሊያስቀራት አይችልም። ሆስፒታሉ እየጠበቃት ነው፤ ፈርማለች። ቅሪ ብሎ ቃል ቢያወጣ ደግሞ እንደገና ሌላ ሰው በእሷ ፋንታ ማርሽ አስገባ ማለት ነው። ያንን አንድ ጊዜ አይተውታል።

«ሁለት ዓመት ነው» አለች።

«ዘጠኝ ዓመት በተሳሳተ በር የቆመ ሰው፣ ሁለት ዓመት በትክክለኛው በር ቢቆም ምን ይለዋል?» አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ጋሼንም እየመጣሁ አያለሁ። መሪው እንዳይላላ።»

የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ ደርሶ ነበር ስትጠራው።

«አንተ!»

ዞረ።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት። መናኸሪያው ጋ። ረዳት በኩል ባለው በር።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብዳቤውን ሲከፍትና ሲያጥፍ ኖሯል። አንዲት ጥያቄ ግን ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሳትጠየቅ ከጠርዙ ኋላ ተቀምጣ ነበር። አሁን ጠየቃት።

«ከየት ሆኖ ሲታይ?»

ደረጃውን ወረደች። ትከሻውን ይዛ ወደ መንገዱ መለሰችውና አጠገቡ ቆመች፤ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ጎኑ፣ እሱ ወደሚያየው መንገድ እያየች፣ በቀኙ በኩል። እጁን ያዘች።

«ከዚህ» አለች። «እንዲህ ሆነን ሲታይ።»

መንገዱ ፊታቸው ነበር። ነገ ይዟት የሚሄደው ያው መንገድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ሆነው አዩት፤ ናፍቆቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለቱም ሆነ።